ዶርሲ በየትኛው ጎኑ ይተኛል?

ሄዘል ባዩ፣ ሚሲሲፒ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1985

ለተከበሩት ወንድሜ ለሮስኮ ፔትዌይ፣

የሰማይና የምድር ጌታ በዚያ በበረዶ አገር አጥንትዎን ያሙቅልዎ፤ ደጅዎንም ክፉ አይርገጠው። እኛ እዚህ በጸሎት ብርታት አለን። ጉልበቴ ከዓሣ ፋብሪካው እርጥብ ወለል ጋር ተጣልቶ ይነዘንዘኛል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ይህቺ ደግሞ ማን ናት እንዳይሉኝ ራሴን ላስታውስዎ። የእርስዎ አያትና የኔ አያት እህትማማቾች ናቸው። በአክስት ኦዜላ ቀብር ላይ ሰማያዊ ኮፍያ አድርጌ የነበርኩት፣ አድራሻዎን በመዝሙሩ ወረቀት ጀርባ ጽፈው የሰጡኝ ቨርሊን ቶሊቨር ነኝ።

ነገሬ ስለ ልጄ ስለ ዶርሲ ነው። በስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ ሁለተኛ ኳርተርባክ ነው። ሁለተኛ ማለት ምን እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም። ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው፣ ቡድኑን የሚመራው የሌላ እናት ልጅ ነው፤ የኔው ኮፍያ አድርጎ ከሜዳው ጠርዝ ይቆማል። ያኛው እግሩ ካልተሰበረ ወይም ጨዋታው አስቀድሞ ካልለየለት አይገባም። የሰው ልጅ እግር እንዲሰበር መጸለይ ደግሞ ኃጢአት ነው፤ ስለዚህ አፌን ይዤ አያለሁ።

አሁን የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ሚስተር ሃስኪው «ታገሥ፣ የሚመጣው ዓመት ያንተ ነው» ይሉታል። አምናም ይህንኑ ብለውታል። ከዚህ ብዙም የማይርቅ አንድ ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ደግሞ «ና፣ ከመጀመሪያው ቀን አንተ ትመራለህ» ብሎታል፤ ግን እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ቁርጡን ማወቅ ይፈልጋል። ልጁ የሚያልመው አንድ ነገር ነው፤ ፕሮፌሽናል መሆን። የሚመክረው ሰው አላጣም፤ ከምክሩ የማይጠቀም መካሪ ነው ያጣው።

እርስዎ «ተከላካይ ካልሆንክ ጥቁር ኳርተርባክ አንፈልግም» ሲሉዎት አገር ጥለው ካናዳ ሄደው የተጫወቱ ሰው ነዎት። አሁን ደግሞ ሥራዎ ተጫዋች መመልመል ነው። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጄ ችሎታው አለው ወይስ የለውም? አያባብሉኝ።

ለቡድንዎ ልጅ እንደሚለቅሙም ሰምቻለሁ። እኔ የምጽፈው ለዘመድ እንጂ ለመልማይ አይደለም። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር ይባላልና አይቀየሙኝ።

እህትዎ ቨርሊን


ሃሚልተን፣ ካናዳ
ኦክቶበር 14 ቀን 1985

ለእህቴ ለቨርሊን፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ፤ ጉልበትሽንም እጁ ይዳብስልሽ። እኔ ደህና ነኝ። በረዶው ገና አልወረደም፤ የቤት አከራዬ ግን ካሁኑ አካፋዋን በር ላይ አቁማለች።

ደብዳቤሽን ያቆየሁት ደጋግሜ ሳነበው ነው። ከእናንተ ወገን ደብዳቤ ሲመጣልኝ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ የሚፈለግ ነገር አለ። አንቺ ሰው አልሞተብሽም። ኮሌጁን፣ ቀኑን፣ የአሰልጣኙን ቃል አስተካክለሽ ደርድረሻል። ከጎንሽ ማን ተቀምጦ ነው የጻፍሽው? አሰልጣኝ ከሆነ ሰላም በይልኝ፤ ወኪል ከሆነ በሩን አሳዪው።

እኔ በወሬ ሰው አልመዝንም። እናት ስለ ልጇ የምትለውንማ ሰምቼ ሰምቼ ጆሮዬ ደንቁሯል። የዩኒቨርሲቲውን የጨዋታ ፊልም አስመጪልኝ። ከዚያ ሦስት ነገር መልሺልኝ። ያለ ጫማ ቁመቱ ስንት ነው? ከጨዋታ በኋላ የሚያወራው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላው? ደግሞስ በየትኛው ጎኑ ይተኛል?

ልጅ እንደምለቅም የነገረሽ ሰው አልዋሸም። ስለዚህ እኔን መጠርጠርሽ ደስ ይለኛል፤ እኔም አንቺን እጠረጥርሻለሁ። እኩል ነን።

ሮስኮ


ሄዘል ባዩ
ኖቬምበር 3 ቀን 1985

ለወንድሜ ለሮስኮ፣

ጌታ ጆሮዎን ከብርድ፣ ልብዎን ከተንኮል ይጠብቅልኝ። ከጎኔ ማን እንደተቀመጠ ጠይቀዋል። ድመቷ ናት። ማንበብ አትችልም።

ፊልሙን ለመጠየቅ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄጄ ነበር። የቢሮው ልጅ «ለቤተሰብ አይሰጥም» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። በሳምንቱ ግን ዶርሲን ጠርተው «እናትህ ከማን ጋር ነው የምትጻጻፈው?» ብለውታል። እኔ ለማንም አልተነፈስኩም። እርስዎስ?

እንቢ ሲሉኝ የቤተ ክርስቲያናችንን ቪዲዮ ካሜራ ተዋስኩ። ያዡ ዲያቆን ክራምፕ ናቸው፤ ለሠርግና ለጥምቀት ካልሆነ ከሳጥኑ አያወጡትም። ለኔ ሲሉ አወጡት፤ ግን «አብሬ ካልተቀመጥኩ» አሉ። ከኋላ ሆነው «ቀዩን ተጫኚ፣ ቀዩን!» ሲሉኝ ዋሉ። ካሴቱን ልኬልዎታለሁ። ልጆቹ ሰውነት ሲያሟሙቁ ጀምሮ አለበት።

ቁመቱ በወጥ ቤቴ መቃን ላይ ተቀርጿል። ቡድኑ በመጽሔቱ ላይ ካተመው ሁለት ጣት ያንሳል፤ የዋሹት እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። ከጨዋታ በኋላ ስለ ራሱ ምን ያወራል፣ አልተጫወተ! «ያ ተከላካይ ከመሮጡ በፊት ትከሻውን ያዞራል፣ እማዬ» እያለ እራቱን ያቀዘቅዛል።

ሦስተኛውን ጥያቄ እንዳላነበብኩት ይቁጠሩት። የልጄ አተኛኘት ካናዳ ላለ ሰው ምን ያደርግለታል?

እህትዎ ቨርሊን


ሃሚልተን
ኖቬምበር 13 ቀን 1985

ለእህቴ ለቨርሊን፣

እግዚአብሔር ትዕግሥት ይስጥሽ፤ ለኔ ግን አስቀድሞ ይስጠኝ። ካሴቱ ደርሶኛል። ሙሉ ጨዋታ ቀርጸሽ ኳሷ የታየችው በልጅሽ ራስ ላይ ስታልፍ ብቻ ነው። ሜዳ የለም፣ ተጋጣሚ የለም፣ ጨዋታ የለም! ያለው ኮፍያ ያደረገ ልጅ ቆሞ፣ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ውሃ ሲጠጣ፣ ኮፍያ ያደረገ ልጅ እጁን ሲያወናጭፍ ነው። ማን እንዳሸነፈ እንኳ ያወቅሁት ከዲያቆንሽ ጩኸት ነው። በዚህ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። የሚቀጥለውን ስትቀርጪ እባክሽ ልጅሽን ትተሽ ሜዳውን ቅረጪ።

ከላይ ያለውን ጽፌ ሳላሽገው ሁለት ቀን አደረ። ካሴቱን ደግሜ አየሁት። አሁን ቃሌን ለውጫለሁ። ሜዳውን አትቅረጪ። ልክ እንደዚያው፣ ልጁን ብቻ። ኳሷ የፈለገችበት ትሂድ፣ ተከትለሽ እንዳትዞሪ። የመጨረሻው ጨዋታ በቴሌቪዥን ይተላለፋል ይባላልና እሱን አድርጊው። ለዶርሲ አትንገሪው። ምክንያቱን አሁን አትጠይቂኝ።

ሦስተኛውን ጥያቄዬን ግን አላነበብኩትም ብለሽ አታመልጪኝም።

ሮስኮ


ሄዘል ባዩ
ዲሴምበር 4 ቀን 1985

ለወንድሜ ለሮስኮ፣

የጌታ ልደት በሰላም ያድርስዎ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ በሐሳብ ግን አይደለሁም።

መጀመሪያ «ሜዳውን» አሉኝ፤ ከዚያ «ልጁን ብቻ»፤ ከዚያ «ለልጁ አትንገሪ»። ከእናት ጋር እየተማከረ ከልጅ የሚደበቅ ምን ዓይነት ምክር ነው? የአጎቴ ልጅ ሉቲ በዲትሮይት በኩል ሰምታ፣ እያንዳንዱን ልጅ ባስፈረሙ ቁጥር ይከፈልዎታል አለችኝ። እውነት ከሆነ ልጄን እንደ ገበያ በሬ በሩቁ እየዞሩት ነው ማለት ነው።

ቢሆንም ቀርጫለሁ። ያሉኝን አድርጌያለሁ፤ አንገቴ እስኪደርቅ ከሱ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። መጨረሻ ላይ ጨዋታው ሲለይለት ዶርሲን አስገቡት። ያን ጊዜ ብድግ አልኩና እጄ ከዳኝ፤ ካሴቱ ላይ የሚያዩት ሰማይንና የዲያቆን ክራምፕን ጆሮ ነው። ሁለት ኳስ ወረወረ። ሁለቱም አጫጭር ነበሩ፤ ሁለቱም ተያዙ።

የሚያቃጥለኝን ልንገርዎ። ከጠርዝ ሆነው የእጅ ምልክት የሚሰጡት ሁለት ልጆች ናቸው። የአንደኛው እውነተኛ ትእዛዝ ነው፤ የሌላው ተጋጣሚን ለማሳሳት የሚደረግ ውሸት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ውሸተኛው ዶርሲ ነው ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ወፍ ማስፈራሪያ አድርገው አቆሙት ማለት ነው! ይህንን ከሰማሁ ወዲህ ከፋብሪካ ስወጣ ከሰው ጋር መሄድ ትቻለሁ።

ስለ አተኛኘቱ፦ ለምስጋና ቀን በዓል መጥቶ ነበር። የቱርክ ዶሮ በልቶ ወንበር ላይ ተኛ። ቱርክ የበላ ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ይተኛል።

ቨርሊን


ሄዘል ባዩ
ጃንዋሪ 13 ቀን 1986

ለአቶ ሮስኮ ፔትዌይ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ሁለተኛው ካሴት ከተላከልዎት ወር አልፎታል። መልስ የለም። ሰው ሲፈልግ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ፖስታ ይጽፋል፤ ሳይፈልግ አንድም አይጽፍም።

እርስዎ ዝም ሲሉ ሚስተር ሃስኪው ራሳቸው እሑድ ቤቴ ድረስ መጡ። በሟቹ ባለቤቴ ወንበር ላይ ሳይጠይቁ ተቀመጡ። ከጋገርኩት የስኳር ድንች ፓይ ሁለት ቁራጭ በሉ።

«ሚስ ቨርሊን፣ በዚህ ስቴት እንዲህ ያለ ፓይ የለም!»

«ልጄስ?» አልኳቸው።

«ዶርሲማ ወርቅ ነው። የሚመጣው ዓመት የሱ ነው።»

«በጽሑፍ?»

ሳቁ። «በመካከላችን መተማመን እያለ ወረቀት ምን ይሠራል?»

ስለ ልጄ ሲጠየቅ ፓይ የሚያመሰግን ሰው ደስ አይለኝም። ኮታቸውን እየለበሱ ደግሞ፣ «ካናዳ ውስጥ ዘመድ አለሽ አሉ» አሉኝ። ለማንም አልተናገርኩም ብያለሁ። እንግዲህ ወይ ድመቷ ናት ወይ እርስዎ ነዎት።

ፌብሯሪ እየመጣ ነው። የሚሉት ካለ ይበሉ፤ ከሌለ የቤተ ክርስቲያኑን ካሴቶች ይመልሱልኝ።

ወይዘሮ ቨርሊን ቶሊቨር


ሃሚልተን
ጃንዋሪ 24 ቀን 1986

ለእህቴ ለቨርሊን፣

ቁጣሽን ጌታ ያብርድልሽ፤ ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ እንኳ ያብርድልሽ። ተቀመጪ። ፓይ ካለ ለራስሽ ቁረጪ።

የዘገየሁት ቡፋሎ ያለ ወዳጄ ያንኑ ጨዋታ ከቴሌቪዥን ቀድቶ እስኪልክልኝ ነው። ሲደርሰኝ የአከራዬን ቴሌቪዥን ለምኜ ከኔው ቴሌቪዥን ጎን አቆምኩት። በአንዱ ሜዳውን፣ በሌላው ያንቺን ልጅ እኩል አስጀመርኳቸው። ያንቺ ስህተት ባይኖር ይህን ማየት አይቻልም ነበር። ሰው ሁሉ ኳሷን ሲከተል ነው የሚውለው፤ ተጠባባቂ ኳርተርባክን ጨዋታውን ሙሉ የምታይ እናቱ ብቻ ናት።

አንደኛ፣ ልጅሽ ወፍ ማስፈራሪያ አይደለም። ውሸተኛው ሌላው ነው። በሜዳው ውስጥ ያለው ኳርተርባክ የሚያየው የዶርሲን እጅ ነው።

ሁለተኛውን በደንብ ስሚኝ። ነጭ ኮፍያ ያደረገው ረዳት አሰልጣኝ ለዶርሲ በጆሮው ይናገራል፣ ዶርሲ በእጁ ያስተላልፋል፤ ሥራው ይኸው ነው። በጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ላይ ግን ነጭ ኮፍያው ተናገረ፣ ዶርሲ ሜዳውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ሌላ ምልክት ሰጠ። ሰውየው ተቆጥቶ ጭኑን መታ። ኳሷ ማንም ወደሌለበት ሄደች፣ ቡድንሽ አገባ። ከዚያ በኋላ ነጭ ኮፍያው ከመናገሩ በፊት ልጁን ሲጠይቅ ታያለሽ። ተከላካዮቹ ገና ሳይንቀሳቀሱ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃል። እኔ በዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ዓይን ያየሁት ሌላ አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው።

ሃስኪው ሁለት ቁራጭ ፓይ የበሉት ለዚህ ነው። የሚፈልጉት ዓይኑን ነው፤ ለዓይኑ ደግሞ ከሜዳው ጠርዝ የተሻለ ቦታ የለም። እኔን «ተከላካይ ሁን» አሉኝ፤ እሱን «ታገሥ» ይሉታል። የሚመጣው ዓመት የሚሉት፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እኔም ልሳሳት እችላለሁ፤ የምትፈትኚበትን መንገድ በኋላ እነግርሻለሁ።

ፕሮፌሽናል ይሆናል ወይ ላልሽው፦ አሁን ባለው ክንዱ አይሆንም። በመጀመሪያው ካሴትሽ ላይ ሲያሟሙቅ ወደ ሩቁ ጠርዝ የወረወራት ኳስ አየር ላይ ትንሳፈፋለች። እንዲህ ያለችውን ኳስ ፕሮፌሽናል ተከላካይ ቁርሱን በልቶ መጥቶ ይይዛታል። ደግሞ አዎ፣ ላስፈረምኩት ልጅ ይከፈለኛል። የኛ ሜዳ ግን ከእናንተው በስፋት ይበልጣል፤ ወደ ጠርዙ የሚወረወረውም ይርቃል። ዶርሲን ዛሬ ባመጣው ወር ሳይሞላው ይመለሳል። አልፈልገውም። «ልጅሽን አልፈልገውም» የሚልሽን መልማይ እመኚው።

አሁን ወደ አተኛኘቱ። ለረጅም ኳስ የሚሰጡት ምልክት ሁለቱንም እጅ ከራስ በላይ ማንሳት ነው። የዶርሲ ግራ እጅ ሰማይ ይነካል፤ የሚወረውርበት ቀኙ ጆሮው ላይ ይቆማል። ውሃ በግራው ይጠጣል፤ ኮፍያውን በግራው ያወልቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፍልሽ ለማንም ወርዋሪ የምጠይቀውን ነው የጠየቅሁሽ። ትከሻው የታመመ ሰው በዚያ ጎኑ አይተኛም፤ ሲብስበት ጭራሽ አይጋደምም፣ ወንበር ላይ ያድራል። አንቺ ደግሞ ቱርክ አልሽኝ።

ታውቂ ነበር ቨርሊን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ስለዚህ የተንሳፈፈችው ኳስ የክንዱ ትሁን የሕመሙ፣ እኔም ሃስኪውም ማንም አናውቅም። ሐኪም ይየው። ታክሞ ከዳነ ጠባብም ቢሆን በር አለው። ባይድን እንኳ ያ ዓይን ጸጉሩ እስኪሸብት አሰልጣኝ አድርጎ ያኖረዋል። ደብቆ ከቆየ ግን ሁለቱንም ያጣል።

ፈተናው ይህ ነው። ልጁ ለሁለቱም አሰልጣኞች ትከሻው እንደታመመ ይንገራቸው። ትንሹ ኮሌጅ ሊተወው ይችላል፤ አውቃለሁ፣ ቀላል ነገር አልጠየቅሁሽም። ግን መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣውን ቃል አድምጪ።

ሮስኮ


ሄዘል ባዩ
ፌብሯሪ 20 ቀን 1986

ሮስኮ ወንድሜ፣

ጌታ ዓይንህን ይጠብቅልኝ። ከካናዳ ሆኖ የልጄን ትከሻ ያየ ሰው እርስዎ አይባልም፤ ከእንግዲህ አንተ ነህ።

አዎ፣ አውቅ ነበር። ባለፈው በጋ ፋብሪካ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የዓሣ ሳጥን ተሸክሞ በዚያ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራተተና በቀኝ ትከሻው ወደቀ። «እማዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ከሰሙ አለቀልኝ» ብሎ አስማለኝ። የጻፍኩልህም ላንተ ካልታየህ ለማንም አይታየውም ብዬ ነው። ፈተንኩህ። ባታየው ኖሮ ያንን ውሸት ይዘን ወደ ትንሹ ኮሌጅ እንሄድ ነበር።

ደብዳቤህን ሰጠሁትና አነበበ። የመሐላዬን ነገር ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ስለ ነጭ ኮፍያው የጻፍከው ላይ ቆመ።

«እንቢ ስለው አይቶኛል?» አለ።

«አይቶሃል።»

«ማንም ያየኝ አልመሰለኝም ነበር፣ እማዬ።» እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። እራት አልበላንም።

በማግሥቱ ደወለ። ስልኩን በሁለታችን ጆሮ መሃል ያዝነው። መጀመሪያ ለሃስኪው ነገረው። ሰውየው ትንፋሹን እፎይ ብሎ ሲለቅ ሰማሁት።

«በዚህ ነው እንዴ የተጨነቅከው፣ ልጄ? አይዞህ፣ ቦታህ አይነካም። ለእጅ ምልክት ትከሻ ምን ያደርጋል?»

ዶርሲ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ዘጋ። ኳርተርባኬ የሚለው ልጅ ክንዱ ታሟል ተብሎ ደስ የሚለው አሰልጣኝ አየህ? የበላውን ፓዬን ያውጣልኝ!

ቀጥሎ ወደ ትንሹ ኮሌጅ ደወለ። አሰልጣኝ ፕራተር የሚባሉት ሰው እስከ መጨረሻው ሰሙት። በቃ፣ ተዉት አልኩ። ከዚያ «እናትህ አሉ? አገናኘኝ» አሉት።

«ሚስ ቶሊቨር፣» አሉኝ፣ «ልጁ በየትኛው ጎኑ ነው የሚተኛው?»

ከዚያ ጥርጣሬዬ ተነሳና «ከሮስኮ ጋር ተነጋግራችኋል!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ሮስኮ ማን ነው?» አሉኝ ሰውየው።

ቦታውን እንደያዙለት ነው። የሚያውቁት ሐኪም በማርች ያየዋል።

ወሬያችንን ያወጣው ደግሞ ዲያቆን ክራምፕ ነው። ካሴቱ የሚሄደው ካናዳ መሆኑን ከፖስታው አይቶ፣ «ካሜራዬ ካናዳ ድረስ ታወቀች» ብሎ ጸጉር ቤት ሲኩራራ ኖሯል። አንተንም ድመቷንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ቨርሊን


ሃሚልተን
ማርች 3 ቀን 1986

ቨርሊን እህቴ፣

የሐኪሙን እጅ ጌታ ይያዝለት። ፕራተር የሚባለውን ሰው አላውቀውም፤ ማወቅ ግን እፈልጋለሁ። ለዶርሲ እንዲህ በይው፦ ነጭ ኮፍያውን እንቢ ያለበትን ቦታ አሁንም እያየሁት ነው። የአከራዬን ቴሌቪዥን እስካሁን አልመለስኩም፤ እሷም መጠርጠር ጀምራለች።

ካሴቶቹን አልመልስም። ለዲያቆኑ ጠፉ በይው።

ሮስኮ


ሄዘል ባዩ
ኦገስት 17 ቀን 1986

ሮስኮ ወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሙቀቱ ገድሎናል፤ ከበረዶህ ቆርሰህ ላክልኝ።

በማርች ትከሻውን ቀደው ሰፉለት። አሁን በጥቂቱ ይወረውራል፤ አሰልጣኝ ፕራተር ከኦክቶበር በፊት ጨዋታ አላስገባህም ብለውታል። እስከዚያ ኮፍያ አድርጎ ከጠርዝ ይቆማል። ዘንድሮ ግን ኮፍያው እስከ መቼ እንደሆነ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ረጅሟ ኳስ ትንሳፈፍ አትንሳፈፍ ገና አልታየም። ዲያቆን ክራምፕን ካሜራ ጠይቄያቸው፣ ካሴቶቹ ካልተገኙ አይሆንም ብለዋል።

ይህን የምጽፍልህ ለሌላ ነገር ነው። ዛሬ ለቤተ ክርስቲያን ልቀሰቅሰው ክፍሉ ገባሁ። አልቀሰቀስኩትም፤ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። በቀኝ ጎኑ ነው የተኛው። ለማንም እንዳትናገር።

ቨርሊን